ስኮትላንድ ትውጣ ወይስ ትቆይ? በኤዲንብራ የተደረገ የእግር ጉብኝት ግምገማ

ግላስጎው መኖር ከጀመርሁ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ስኮትላንድ ከብሪታንያ ኅብረት ወጥታ ራሷን የቻለች አገር ትሁን ወይስ አትሁን የሚለውን ክርክር በሥራ ቦታ በሻይ ሰዓት ከምሰማው አልፌ በሥርዓት ተከታትዬው አላውቅም ነበር። ስለዚህ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኮረ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር ጉብኝት በኤዲንብራ እንደሚያካሂድ ስሰማ 18 ፓውንድ ከፈልሁና፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር በጥንታዊው ምሽግ በር ላይ ተገኘሁ። ጥቂት ሰዎች የሚሠሩበት ቤት ስለሆነና ቅሬታዬም በአንድ ነገር ላይ ብቻ ስለሆነ ድርጅቱን በስም አልጠራውም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

አስጎብኚያችን በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ታሪኩን በደንብ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የስኮትላንድ ዘውድ፣ በትረ መንግሥትና ሰይፍ በ1707 በሣጥን ተቆልፈውባቸው እስከ 1818 ድረስ ማንም ሳያያቸው መቆየታቸውን ከነገሩን በኋላ፣ ቁልቁል ወርደን አሮጌው ፓርላማ ይሰበሰብበት ወደነበረው አዳራሽ ገባን። ጣሪያው ጥቁር እንጨት የተዋቀረበት ይህ ሰፊ አዳራሽ ዛሬ የፍርድ ቤት ግቢ አካል ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሱ ሁለት ጠበቆች ንግግራቸው ለሌላ ጆሮ እንዳይደርስ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ ሲወያዩ ቆመን አየናቸው። አስጎብኚው ስኮትላንድን ከእንግሊዝ ጋር ያዋሐደው የ1707ቱ ስምምነት የስኮትላንድን ፓርላማ ቢያጠፋም ሕጓን፣ ፍርድ ቤቷንና ቤተ ክርስቲያኗን እንደነበሩ መተዉን ያስረዱን እነዚህን ጠበቆች በእጃቸው እያመለከቱ ነበር። ፓናማ ላይ ቅኝ ግዛት ለመመሥረት የወጣው የስኮትላንዶች ገንዘብ ሰጥሞ መቅረቱን፣ በስምምነቱ መሠረት የተከፈለው 398,085 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግም በከፊል ያንን ኪሳራ ለመካስ የታሰበ መሆኑን ሲያብራሩ፣ ኅብረቱ በፍቅርም በጉልበትም ብቻ ያልተሠራ፣ የሒሳብ ውል የነበረበት ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ሆነልኝ። ለዚህ ክፍል ብቻ የከፈልሁት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ከሁሉ የወደድሁት ግን ስለ ጥያቄው አጠያየቅ የተናገሩትን ነው። ለ2014ቱ ሕዝበ ውሳኔ የስኮትላንድ መንግሥት መጀመሪያ ያቀረበው ጥያቄ «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን እንዳለባት ይስማማሉ?» የሚል ሲሆን፣ የምርጫ ኮሚሽኑ «ይስማማሉ» የሚለው ቃል መላሹን ወደ አዎንታ ይገፋል በማለቱ «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን አለባት?» በሚለው ተተካ። ይህን ስሰማ ስለ ራሳችን ቋንቋ አሰብሁ። በአማርኛ «ነጻነት» ያለ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ጨርሷል፤ «መገንጠል» ያለም እንዲሁ፤ ሁለቱንም ሳይነካ ጉዳዩን የሚጠይቅ ቃል እስካሁን አላገኘሁለትም። እዚህ አገር በአንዲት ቃል ላይ ተወያይተው፣ መስከረም 18 ቀን ከመራጩ 84.6 በመቶው ወጥቶ፣ 55.3 በመቶው «አይደለም»፣ 44.7 በመቶው «አዎ» ብሎ፣ በማግሥቱ ሁሉም ወደ ሥራው መሄዱ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አደባባዩ ላይ ቆመን አስጎብኚው የስኮትላንድ ባንክ ያተመውን ባለ አሥር ፓውንድ ኖት ከቦርሳቸው አውጥተው እያሳዩን ሳለ፣ ከመካከላችን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት «አገሪቱ ነጻ ብትወጣ ጡረታዬ የሚከፈለኝ በየትኛው ገንዘብ ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሳቸው «እሱን ለፖለቲከኞች እንተወው» የሚል ነበር፤ ኖቱንም አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። ዋናው ጥያቄ ግን ያ ነበር። በ2014 የነጻነት ደጋፊዎች ፓውንድን ከተቀረው ብሪታንያ ጋር በጋራ እንይዛለን ሲሉ፣ በዚያው ዓመት የካቲት የለንደኑ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦዝቦርን እዚሁ ኤዲንብራ መጥተው አይሆንም ማለታቸው ለክርክሩ ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ ስለ ነጻነት ገንዘብ ተከፍሎበት በሚቀርብ ጉብኝት ውስጥ ሊዘለል አይገባውም።

ነገሩን ያከበድሁት በእኛ ዘንድ ምን እንዳስከተለ ስለማውቅ ነው። ኤርትራ በሚያዝያ 1993 በሕዝበ ውሳኔ ነጻነቷን ስታጸድቅ ገበያው በብር ቀጥሎ ነበር፤ በ1997 መጨረሻ ናቅፋ ሲወጣ ግን በምን ተመን፣ በምን ሥርዓት እንነግድ የሚለው አለመግባባት ከድንበሩ ጥያቄ ጋር ተደራረበ፤ በግንቦት 1998 ጦርነት ተነሣ። ከአዲግራት ወደ ሰንዓፈ ጤፍ ያመላልሱ የነበሩት አጎቴ በዚያ ክረምት የጫኑትን መኪና መልሰው ቤት ሲያስገቡ፣ እናቴ ጆንያውን እየቆጠረች አንዲት ቃል ሳትናገር መዋሏን አስታውሳለሁ። ያቺ ሴት ስለ ጡረታቸው ሲጠይቁ የታየኝ ይኸው ነበር።

ጉብኝቱ ያበቃው በ2004 በተመረቀው በሆሊሩድ፣ በአዲሱ የስኮትላንድ ፓርላማ ሕንፃ ነው፤ መግቢያው ለሁሉም ነጻ ነው፣ ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በክርክር አዳራሹ የተቀመጠው የብር በትር ራሱ ላይ ይህን ፓርላማ ያቋቋመው የ1998ቱ ሕግ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ተቀርጾበታል፦ «የስኮትላንድ ፓርላማ ይኖራል።» አስጎብኚው ይህን ሲያነብቡልን ድምፃቸው ተለወጠ፣ እኔም ስሜቱ ተጋባብኝ። ነገር ግን የዚያው ሕግ አባሪ ኅብረቱን የሚመለከት ጉዳይ በለንደን እጅ መሆኑን ይደነግጋል፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ኅዳር 23 ቀን 2022 በሙሉ ድምፅ፣ ይህ ፓርላማ ያለ ለንደን ፈቃድ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት እንደማይችል የወሰነው ይህን ይዞ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 በምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እያለ ደረጃውን ዘርዝሮ ሲያስቀምጥ፣ ብሪታንያ እንዲህ ያለ አንቀጽ ሳይኖራት በ2012 በተፈረመ ስምምነት ብቻ ሕዝቡን ጠይቃለች፤ ያ ስምምነት ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ ዛሬ በሩ ከየት እንደሚከፈት የሚያሳይ ጽሑፍ የለም።

እኔ የስኮትላንድ ሕዝብ እንደገና ሊጠየቅ ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቱም በ2014 «አይደለም» ያለው ሰው ከአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንደሚቆይ አስቦ ነበር፣ በ2016 ግን 62 በመቶ የሚሆነው የስኮትላንድ መራጭ እንቆይ ብሎ ሳለ ከነብሪታንያ ወጣ። ይሁን እንጂ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ጡረታውና ከእንግሊዝ ጋር ስለሚኖረው ድንበር በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ሳላይ «አዎ» ለማለት እጄ አይታዘዝልኝም። በ2020 የወጣው ሕግ ፈቃድ ኖሮን እዚህ የምንኖር የውጭ ዜጎች፣ ስደተኞችም ጭምር፣ ለዚህ ፓርላማ እንድንመርጥ ስለፈቀደልን በግንቦት 2021 እኔም በሰፈሬ ትምህርት ቤት እርሳስ ይዤ መርጫለሁ፤ ጥያቄውን እንደ እንግዳ የማላየውም ለዚህ ነው።

ለጉብኝቱ ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ታሪኩ አምስት ይገባዋል፣ ሁለቱን የቀነስሁት ያለ መልስ ለቀረው የሴትየዋ ጥያቄ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ አሮጌው አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ ስለሚዘጋ የሥራ ቀን ምረጡ፣ ድንጋዩ በዝናብ ስለሚያንሸራትት የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ የገንዘቡንም ጥያቄ ገና ምሽጉ በር ላይ ሳላችሁ አንሡላቸው።