ቢጫው ሰማያዊ ሲሆን፦ ስምንት ወር ከውኃ መመርመሪያ ከረጢት ጋር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከግቢያችን ጉድጓድ የምንቀዳው ውኃ ኩልል ያለ ነው። ባለፈው መጋቢት ተቅማጥ በታናሿ ልጄ ላይ ሲመላለስ ግን ኩልልታው አላጽናናኝም። ባለአምስት ክፍሉን የፕላስቲክ ከረጢት አስመጣሁ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ እመረምርበታለሁ።

በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ የባክቴሪያ ምግብ ይሟሟል፤ ከዚያም 1፣ 3፣ 10፣ 30 እና 56 ሚሊ ሊትር ወደሚይዙት ክፍሎች ይገባል። ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ውኃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁመው የአንጀት ባክቴሪያ፣ ካለ በራሱ ኢንዛይም ምግቡ ውስጥ ያለውን ልዩ ውህድ ይሰብረዋል፤ ቢጫው ውኃ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። አብዛኞቹ ሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች ይህ ኢንዛይም የላቸውም፤ ቀለሙ የሚለየው በዚህ ነው። የትኞቹ ክፍሎች እንደተለወጡ ታይቶ ግምታዊው ብዛት ከሰንጠረዡ ይነበባል።

ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። ባክቴሪያው በምርመራው ጊዜ ውስጥ በሚገባ እንዲራባ ቢያንስ 25 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ከረጢት መደርደሪያ ላይ አሳድሬ ቢጫ ሆኖ ሳገኘው እጅግ ተደሰትሁ፤ ያለ ሙቀት ያደረ ከረጢት ግን ምንም አይናገርም። አሁን ሙቅ ውኃ ከሞላሁት ጠርሙስና ከቴርሞሜትር ጋር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ሌሊትም ተነሥቼ ጠርሙሱን እቀይራለሁ። ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ከሆነ ከ24 እስከ 30 ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በታች ሲሆን እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። ቆላ ለሚኖር ሰው ይህ ሁሉ ድካም የለበትም።

ግንቦት ላይ ጉድጓዱ ቢጫ ነበር። ሐምሌ ላይ ግን አራት ክፍሎች ሰማያዊ ሆኑ። ጎርፉ የጉድጓዱን አፍ ከብቦ ሲቆም አይቼ ዝም ብዬ ነበርና በጣም አዘንሁ። አፉን በሲሚንቶ ከፍ አድርገን ከደንነው፤ ውኃውንም እያፈላን ጠጣን። ጥቅምት ላይ ጉድጓዱ ወደ ቢጫው ተመለሰ። በዚያው ቀን ከወጥ ቤቱ ባልዲ የቀዳሁት ውኃ ግን አምስቱንም ክፍል ሰማያዊ አደረገ! ልጆቹ ኩባያውን ከእጃቸው ጋር እየነከሩ ይቀዱበት ነበር። ባልዲውን ቧንቧ ባለው ማጠራቀሚያ ቀየርነው፤ የኅዳሩ ውጤት ቢጫ ነው።

ቢጫ ማለት ግን ውኃው ከሁሉም ነገር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከረጢቱ ተቅማጥ የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ጃርዲያንም ፍሎራይድንም አያሳይም። ክሎሪን የተጨመረበት ውኃ ሲመረመር ደግሞ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ውጤቱ ያሳስታል። እያንዳንዱ ከረጢት ለአንድ ጊዜ ብቻ ማገልገሉም ወጪውን ያከብደዋል። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ሐምሌን ይጠብቅ፤ ውኃውንም ከጉድጓዱ ሳይሆን ልጆቹ ከሚጠጡበት ዕቃ ይቅዳ።