ቱሉ ዲምቱ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ደሙ ቶሎ ለማይረጋለት ሰው ይሆናል?

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፋርማሲው በላይ ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ክሊኒክ በእጥበትና በመሙላት ጥሩ ስም አለው። እዚህ የምናየው ግን ሌላ ጎኑን ነው፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ሴል) ያነሰ ወይም ሄሞፊሊያ (ደም ቶሎ የማይረጋበት የሚወረስ በሽታ) ያለበት ሰው እዚያ ጥርሱን ቢያስነቅል እንዴት ይስተናገዳል?

ከካርዱ እንጀምር። ብዙ ቦታ «ስኳር፣ ግፊት፣ አለርጂ አለብዎት?» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ሐኪሟ ትቀጥላለች። ከዚህ በፊት ተነቅሎልዎት ከሆነ ለስንት ሰዓት ደማ? ሲገረዙ ብዙ ደምተው ነበር? በእናትዎ በኩል ደም አልቆም የሚለው አጎት አለ? ሴቶችን ደግሞ የወር አበባቸው ከሰባት ቀን ያልፍ እንደሆነ ትጠይቃለች። የግርዛቱ ጥያቄ ሰውን ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሄሞፊሊያ በአብዛኛው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ ስለሆነ በስምንተኛው ቀን የደማ ሕፃን ብዙ ነገር ይናገራል። ቀላሉ ዓይነት ግን ግርዛቱን በሰላም አልፎ መንጋጋ ሲነቀል ሊገለጥ ይችላል፤ ስለዚህ «አልደማም» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

ክሊኒኩ ከሁሉ የሚበልጠው ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ሰዎች ነው። በሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት ቫልቭ የተቀየረላቸው ወጣቶች በአገራችን ጥቂት አይደሉምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «መድኃኒቱን ሦስት ቀን አቁመው ይምጡ» አይሉም፣ ልክም ናቸው። ከድድ የሚወጣ ደም በጋውዝና በስፌት ይቆማል፤ ቫልቭ ላይ የረጋ ደም ግን ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። የሚጠይቁት በ24 ሰዓት ውስጥ የተሠራ የአይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካ የደም ምርመራ) ውጤት ነው፤ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ካልተለዋወጠ እስከ 72 ሰዓት የቆየም ይቀበላሉ። ከ4 በታች ከሆነ በአንድ ቀን ከሦስት የማይበልጡ ጥርሶችን ይነቅላሉ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ደም የሚያረጋ ስፖንጅ አስገብተው ይሰፋሉ፣ 30 ደቂቃ ጋውዝ አስነክሰው ካላዩ አያሰናብቱም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው፣ የፔኒሲሊን አለርጂ ከሌለበት፣ ከመነቀሉ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ 2 ግራም አሞክሳሲሊን ያስውጡታል፤ አራት ባለ 500 እንክብል ማለት ነው። አይኤንአር እዚያው ስለማይሠራ ክትትል ካለዎት ሆስፒታል ከቀጠሮው በፊት አሠርተው ይሂዱ።

ፕላትሌት ላይ መስፈርታቸው በማይክሮሊትር 50,000 ነው፤ ከዚያ በታች አይነቅሉም። ጤናማው ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት በሺህ ስለሚጽፍ 48 የሚለውን አይተው እንዳይደነግጡ፣ እንዳይዘናጉም፤ 48 ሺህ ማለት ነው። አንዳንዴ ፕላትሌቶቹ በናሙና ቱቦው ውስጥ ተጣብቀው ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ምንም የመድማት ምልክት ከሌለ በሲትሬት ቱቦ እንዲደገም ይጠይቁ።

ክሊኒኩ የሚቸኩለው እጥበት ላይ ነው። «ድዴ ይደማል» ብሎ ለመጣ ሁሉ ወዲያው ያጥባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የጥርስ ቆሻሻ ስለሆነ ችግር የለውም። ነገር ግን ድዱ አብጦ ጥርሱን ሊሸፍን የደረሰ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ሳይመታ ቆዳው ላይ የሚበልዝ ሰው ከመታጠቡ በፊት ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ ምርመራ) ያስፈልገዋል። የደም ካንሰር አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታየው አፍ ውስጥ ነው። ምርመራውን እነሱ ባያዙ እርስዎ ይጠይቁ።

ሄሞፊሊያ ያለበትን አይነቅሉም፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ይልካሉ። ይህን እንደ ድክመት አናየውም። የታችኛውን መንጋጋ የሚያደነዝዘው መርፌ ጥልቅ ስለሆነ ፋክተር (የጎደለው ደም የሚያረጋ ፕሮቲን) ሳይሰጥ ከተወጋ ደሙ ወደ ጉሮሮ ዙሪያ ፈስሶ የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። ለትንሽ ሙሊት ግን ከጥርሱ አጠገብ ድዱ ላይ ብቻ የሚወጋ ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህንንም የደም ሐኪምዎ ካወቀ በኋላ።

ትልቁ ቅሬታችን ሲወጡ የሚሰጠው የታተመ ወረቀት ነው። ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን፣ ፀረ ባክቴሪያው ሜትሮኒዳዞል፣ በሞቀ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ። አይቡፕሮፌን የፕላትሌትን ሥራ ያውካል፤ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም እንደዚያው። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ አይኤንአሩን ሽቅብ ይወስደዋል። በጥንቃቄ ነቅሎ በወረቀት ማበላሸት ነው! ለሕመሙ ፓራሲታሞል ያጽፉ። በመጀመሪያው ቀን የጨው ውሃም፣ ትኩስ ቡናም፣ ቆሎም ይቅር፤ የረጋውን ደም ያነሡታል።

ትራኔክሳሚክ አሲድ (የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚረዳ መድኃኒት) ከታች ያለው ፋርማሲ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሐኪሟ ካዘዘችልዎት ከቀጠሮው በፊት ፈልገው ይያዙ። ባለ 500 ሚሊግራም አንዱን ፍሬ ፈጭተው በ10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በሁለት የሻይ ማንኪያ ውሃ ይበጠብጡና ሁለት ደቂቃ አፍዎ ውስጥ ይዘው ይትፉት። በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ አምስት ቀን ነው።

ክሊኒኩ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሱም። ስለዚህ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ያስይዙ፤ ዓርብ ከሰዓት ቢሰጡዎት አይቀበሉ። ሌሊት ከደማ ንጹሕ ጋውዝ አርጥበው፣ አጥፈው፣ 30 ደቂቃ ሳይከፍቱ ይንከሱ። ካልቆመ ቅርቡ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው፤ የአይኤንአር ወረቀትዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ይሂዱ። ስፌቱና ስፖንጁ ከመንቀያው ዋጋ ውጭ ለየብቻ ስለሚታሰቡ ሒሳቡን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ይጠይቁ።