መጀመሪያ ማጣመር ወይስ መጀመሪያ ማጣራት?

ደሴ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ አከፋፋይ 2,000 ረድፍ የደንበኞች ሰንጠረዥና 50,000 ረድፍ የሽያጭ ሰንጠረዥ አለው እንበል። «የኮምቦልቻ ደንበኞች ምን ገዙ?» የሚለው የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጥያቄ ወደ ሪሌሽናል አልጀብራ (በሰንጠረዦች ላይ የሚሠራ አልጀብራ) በሁለት መንገድ ይቀየራል።

አንደኛው ቃል በቃል ነው፦ ፍሮም የካርቴዥያን ብዜት (የአንዱን ሰንጠረዥ እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው እያንዳንዱ ረድፍ ጋር ማጣመር)፣ ዌር ሲግማ (ረድፍ ማጣሪያ)፣ ሴሌክት ደግሞ ፓይ (ዓምድ መምረጫ) ይሆናል። (በስሙ ተታሎ ሴሌክትን ሲግማ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው።) ለመማር ግልጽ ነው፤ ግን 100,000,000 ጥንዶች ይፈጥራል።

ሁለተኛው ሲግማን ከማጣመሩ በፊት ደንበኞች ላይ ያውላል። የኮምቦልቻዎቹ 300 ከሆኑ፣ በጣም ቢበዛ የሚነጻጸሩት 15,000,000 ጥንዶች ናቸው። ያለጥርጥር ይህኛው ይሻላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ፓይንም አብሮ ለማውረድ (ከማጣመሩ በፊት ለማዋል) ተቸኩሎ የደንበኛ መለያው ከተጣለ፣ ሰንጠረዦቹ የሚጣመሩበት ዓምድ አይኖርም። ሌፍት ጆይን (ጥንድ ባይኖራቸውም የግራውን ሰንጠረዥ ረድፎች ሁሉ የሚይዝ ማጣመር) ሲሆን ደግሞ ዌር ውስጥ ያለ የቀኙ ሰንጠረዥ መስፈርት ከጆይኑ በታች መውረድ የለበትም፦ ሊጣሉ የሚገባቸው ረድፎች በነል (ባዶ እሴት) ተሞልተው ውጤቱ ውስጥ ይቀራሉ።

በሁለቱም መንገድ ፓይ ድግግሞሽን ያስወግዳል፤ ኤስኪውኤል ግን ዲስቲንክት ካልተጻፈ አያስወግድም። የረድፍ ብዛት ሲለያይ መጀመሪያ እዚህ ይፈተሽ።