ስምንት እጥፍ ባይኖኩላሬና ሠላሳ እጥፍ የሚሸጡልን ሰዎች

መጀመሪያ ፍርዴን ልንገራችሁ። ይሄን ባይኖኩላር ዛሬ ቢጠፋብኝ ነገ ያንኑ ፈልጌ እገዛለሁ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴም ታነበዋለች።

ሥራዬ የቱሪስት መኪና መንዳት ነው። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ስሜን ተራሮች ፓርክ። እንግዶች ከአስጎብኚውና ከፓርኩ ጠባቂ ከስካውቱ ጋር በእግር ሲወጡ ሹፌር መኪናው ጋ ሆኖ ይጠብቃል። ሳንቃበር ካምፕ ይጠብቃል፣ ጨነቅ ካምፕ ይጠብቃል። መጠበቅ ሲሰለቸኝ ነው ባይኖኩላር ያማረኝ። የገዛሁት 8×42 የሚባለውን ነው። ስምንቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል። 42ቱ ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር።

ሻጩ ሳቀብኝ። «ስምንት ምን ያሳይሃል ወንድሜ? ሠላሳ እጥፉ በግማሽ ዋጋ አለ፣ ያውም ኪስ ውስጥ የሚገባ!» አለኝ። ጓደኞቼም እስከ ዛሬ ያሾፉብኛል። ባይኖኩላሩን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት ኪሎ ሜትር ያሳያል?» እኔ ምን ልበል? ጨረቃንም ያሳያል። ጨረቃ ስንት ኪሎ ሜትር ናት?

ለማንኛውም ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ጨነቅ ላይ ያየሁት ነገር ነው። ንጋት ላይ ነው፣ ፀሐይ ገና ገደሉ ላይ አልወጣችም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየና የራሱን ባይኖኩላር አወጣ። የሱ 12×25 ነው፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ቆንጆ። አየ፣ አየ፣ ከዚያ «ድንጋይ ነው መሰለኝ» አለ። በእኔ ስናየው ዋልያ ነው። ወንድ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ጺሙ ሳይቀር ይታያል። ባልደረባዬ ተቀብሎኝ ካየ በኋላ አልመልስ አለኝ። እሱ አሥራ ሁለት እጥፍ ይዞ ድንጋይ አየ፣ እኔ ስምንት ይዤ ዋልያ።

ምክንያቱ ተአምር አይደለም፣ ማካፈል ነው። የሌንሱን ስፋት በእጥፉ አካፍሉት። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይመጣል። ከኋላው ወጥቶ ዓይናችን ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ ስፋቱ ይሄ ነው፣ አምስት ሚሊ ሜትር ከሩብ። 25 ለ12 ሲካፈል ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የዓይናችን ብሌን በቀትር ፀሐይ ጠቦ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቀትር ላይ የሱም የእኔም ያው ነው፤ ትርፉ ብርሃን ዓይን ውስጥ አይገባም። ሲጨልም ግን ብሌን ይሰፋል፣ አምስትም ከዚያ በላይም ይደርሳል። ያኔ የሁለት ሚሊ ሜትር ብርሃን ለዓይን ምኑም አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ብሌን እንደ ድሮው አይሰፋም፤ ለዚህ ነው ከዚህ የበለጠ ሌንስ ያልፈለግሁት።

ሻጭ ይሄን አይነግራችሁም። ሱቅ የሚከፈተው በቀን ነዋ! በቀን ሁሉም ባይኖኩላር ጥሩ ነው። ዋልያ ደግሞ በቀን አይመቸውም፤ ጠዋትና ወደ ማታ ነው ወጥቶ የሚግጠው፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይዞ ይተኛል። መግዛት የፈለገ ሰው ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ይሂድና በር ላይ ቆሞ ጥላ ያለበትን ጥግ ይመልከት።

አሁን ወደ ሠላሳው ልምጣ፣ አልረሳሁትም። ላዩ ላይ «30×60» ተብሎ ተጽፏል። 60 ሚሊ ሜትር ማለት ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። ማስመሪያ አምጡና ሌንሱን ለኩት። ያቺ ኪስ የምትገባ ዕቃ ሌንሷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ከሞላ ትልቅ ነገር ነው። ቁጥሩ ጌጥ ነው ማለት ነው። እሺ፣ እውነት ነው እንበል፤ ሠላሳ እጥፍ ያቀርባል። የእጅ መንቀጥቀጥንም ሠላሳ እጥፍ ያጎላዋል። በስሜን ነፋስ ቆሞ በእጁ ይዞ የሚያይ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ሌንሳቸው እንደ በርበሬ የቀላ ደግሞ አሉ። «ለሌሊት ነው» ይሏችኋል። ውሸት ነው። መስተዋቱ ቀይ የሚመስለው ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው ነው፤ ለዓይን የሚደርሰው ወደ አረንጓዴ ያደላ ምስል ነው። ቡናማውን ዋልያ በዚያ ማየት ምን ይሉታል?

ሌላ ያልጠበቅሁት ነገር እዚሁ ጎንደር ነው የገጠመኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የተረፈች ቤተ ክርስቲያን ናት። ጣሪያዋ ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ እስኪያመኝ ሳያቸው ኖሬአለሁ። ውስጡ ብርሃኑ አናሳ ነው። አንድ ቀን ካህኑን አስፈቅጄ በባይኖኩላሩ አየኋቸው። የቅንድባቸው መስመር፣ ብሩሹ የሄደበት መንገድ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የሚያይበት ዓይን፣ ሁሉም ታየኝ። ካህኑም ተቀብለው አዩ። «ለካ እንዲህ ናቸው!» አሉ። ሠላሳው እጥፍ እዚያ ገብቶ ምን ያሳያል? ጥቁር።

እንከን የለውም አልልም። ከባድ ነው። አብሮት የመጣው ማንጠልጠያ አንገት ይቆርጣል፤ ጥዬው ሰፊ የካሜራ ማንጠልጠያ አሰርኩለት። በቀኙ ዓይን በኩል ያለው ማስተካከያ ቀለበት ቦርሳ ውስጥ እየተነካ ይዞራል፣ ከዚያ አንዱ ዓይን ይደበዝዛል። አንድ እንግዳ «ተበላሽቷል» ብሎኝ ነበር። አልተበላሸም፣ ቀለበቱ ዞሮ ነው። አሁን ትክክለኛው ቦታ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። የሌንስ ክዳኖቹ አንዱም የለም፤ የት እንደገቡ ጭላዳዎቹን ጠይቁ።

ውሃ ግን አልገባበትም። ክረምቱን ሙሉ ከጉምና ከዝናብ ጋር ከርሞ ከውስጥ አንድም ቀን ጉም አልያዘውም፤ ውስጡ ናይትሮጅን በሚባል ደረቅ ጋዝ የተሞላ ስለሆነ እርጥበት የለውም። ከቅዝቃዜ ወደ ሞቀ መኪና ስገባ ከውጭ ጉም ይይዘዋል፣ ያ ወዲያው ይለቃል። ብቻ በሸሚዝ ጫፍ አትወልውሉት፣ አቧራው ሌንሱን ይቧጭረዋል።

ከተማ ውስጥ አንገቴ ላይ አላንጠለጥለውም። በዚህ ጊዜ ባይኖኩላር የያዘ ሰው ጥያቄ ይበዛበታል። ቦርሳ ውስጥ ይሆናል፣ ደባርቅን አልፌ የፓርኩ በር ስደርስ ይወጣል።

አሥር እጥፍ ይሻላል የምትሉ፣ እጃችሁ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ 10×42 ግዙ፣ አልጣላችሁም። ሲካፈል 4.2 ነው፣ መጥፎ አይደለም። አሥራ ሁለት የምትሉ ግን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን፣ ትራይፖዱንም አብራችሁ ግዙ፤ ተሸካሚውንም እናንተው ክፈሉ፣ የእኔ መኪና ሞልቷል።