ኮምፕሬሰር መኪና ያላችሁ የድሬ ልጆች ይቺን አንብቡማ

ጀመዓ ሰላም ነው? ሳቢያን የሚሰራ አንድ መካኒክ አለ፣ ስሜን እንዳታወጣ ስላለኝ ስሙን ትቼ ስራውን ላውራላችሁ።

መኪናዋ መርሰዲስ ሲ180 ኮምፕሬሰር ናት፣ ያቺ ባለ 1.8 ሞተሯ ሱፐርቻርጀር (አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ እቃ) ያለባት። ከተማ ውስጥ ሜዳው ላይ ደህና ትመስላለች፣ ወደ ሀረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስትጀምር ግን ነዳጅ ሲሰጧት ሚስ ታደርጋለች (እሳቱ ይዘላታል)፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ቼክ ኢንጅን ብልጭ ብልጭ፣ ኋላማ ሚኒሞ ላይም (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሰራ) መቆም አቃታት። የዞርኩባቸው ጋራዦች አንዱ ካንዴላ ቀየረ፣ አንዱ ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ቀየረ፣ አንዱ ጭራሽ ሱፐርቻርጀሩ አልቋል እናውርደው አለኝ፣ ሌላው ደሞ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አድርጌ ቤንዚን ልጨምርላት ብሎ ዋጋውን ሲጠራልኝ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ይሄ ልጅ ግን አቦ መፍቻ ሳያነሳ ነው የጀመረው። የብልሽት ኮዱን ብቻ አይደለም ያየው (ኮዱንማ ሁሉም ያያል)፣ ሞተሩ እየሰራ የቤንዚን ጭማሪውን ቁጥር ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ብሎ ተከታተለ። ሚኒሞ ላይ ኮምፒውተሩ ከ20 ፐርሰንት በላይ ቤንዚን እየጨመረ ነው፣ ረገጥ ሲያደርገው ግን ጭማሪው ይወርዳል። የአየር ሴንሰሩ ሳይለካው በጎን የሚገባ አየር አለ አለኝ፣ የቤንዚን ፖምፓው ደክሞ ቢሆን ሲረገጥ ነበር የሚብስበት። ለማንኛውም ብሎ የቤንዚኑን ግፊት በጌጅ ለካው፣ ደህና። ከዛ ራሱ በሰራት የጭስ ማሽን ኢንቴኩ (የሞተሩ አየር ማስገቢያ) ውስጥ ጭስ ሲነፋበት ከስር ቡልቅ! የሞተሩን ትንፋሽ የምትመልሰው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃለች። የዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ነው፣ በድሬ ሙቀት ደሞ ጎማ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ዳገት ላይ ያለው ሚስ ደሞ ሌላ ጉድ ነበረበት። ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው ግን ክፍተታቸው ሰፊ ነው፣ ሱፐርቻርጀሩ አየር ሲጠቀጥቅ በዛ ግፊት ውስጥ እሳቱ ክፍተቱን መዝለል ያቅተዋል፣ ለዛ ነው ሜዳ ላይ ምንም ሳይል ጭነት ሲበዛ የሚጠፋው። ለሞተሩ የተጻፈውን አይነት አስገባ፣ ቱቦዋም ከአዲስ አበባ በአውቶብስ መጣች ተገጠመች።

ፕሮግራሙስ ስለው ሳቀብኝ። "ቀዳዳው ሳይደፈን ቤንዚን ብትጨምር ኪስህን ነው የምታራግፈው" አለ። ኮምፒውተሩ የለመደውን አጥፍቶ እንደገና ሲያየው የቤንዚን ጭማሪው ዜሮ አካባቢ ሆነ፣ እሱ ግን አልበቃውም፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ሀረር ድረስ አብሮኝ ወጣ፣ ደንገጎን አንዴ እንኳን ሳታስል ነው የጨረሰችው ወላሂ። የጠየቀኝ ብር በከንቱ ከገዛሁት ኮይል ያንሳል፣ የፈታውን አሮጌ እቃ ደሞ በፌስታል አድርጎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ከምሳ በኋላ ግን አትልፉ፣ የበርጫ ሰአቱ ነው ንጉስ ቢመጣም አይነሳም። ሚኒሞ ላይ ለሚያስቸግር መኪና ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አምጡልኝ ይላል፣ አርብ ብቻ ነው ከጁምዓ በኋላ የሚከፍተው።