ወንድሜን ቴርሞ ላሳለፉልኝ ጋሼ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ያላችሁ አንብቡልኝ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። እኔ እዚህ ላይ ብዙ አልፅፍም፣ የሰው አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ካልፃፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትናንት ማታ ወንድሜ ደወለ። "ቴርሞ ሲ ፕላስ" አለኝ። ሌላ ቤት ሲ ፕላስ ያስለቅስ ይሆናል። እኔ ቤት እልልታ ነው። ጎረቤቴ ሰርግ ያለ መስሏት ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣች።

ነገሩን ከስር ልጀምርላችሁ። ወንድሜ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የሚማረው። አምና ቴርሞዳይናሚክስ የሚባለውን፣ እነሱ በአጭሩ ቴርሞ የሚሉትን፣ ሙቀት እንዴት ሥራ እንደሚሆን የሚያስተምር ኮርስ ኤፍ አመጣ። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ የመድኃኒት ስም ነበር የመሰለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል እያለ የሰፈሩን ልጆች ፊዚክስ የሚያስጠና እሱ ነበር። ግቢ ገብቶ ይሄ ኮርስ ላይ ሲደርስ ግን ልጁ ጠፋብኝ። አይበላም፣ አይጫወትም፣ "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፣ ልተወው" ማለት ጀመረ።

የሚያስተምረው ሰው ስላይድ ያነባል አሉ። ያነብና ይወጣል። አንድ ቀን ወንድሜ እጁን አውጥቶ ቢጠይቀው "ይሄን እስካሁን ካላወቅህ እዚህ ምን ልትሰራ መጣህ?" ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀበት። ከዚያ ቀን በኋላ ጠይቆ አያውቅም። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ልጁ ገና እዚያው ነው ያለው።

እኔም ዝም አላልኩም። አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ወስጄ አስመዘገብኩት። እቁቤ የወጣልኝ ሰሞን ነበር፣ ከሱ ላይ ነው የከፈልኩት። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ 40 ተማሪ አጭቀው፣ የአምናና የካቻምና ፈተና ፎቶ ኮፒ ከነመልሱ ሰጧቸው። "ይሄን ሸምድዱ፣ ከዚህ አይወጣም" አሏቸው። ሸመደደ። ፈተናው ከዚያ ወጣ፣ ቁጥሮቹ ግን ተቀይረው ነበር! ሌላኛው ደግሞ በቴሌግራም አስጠናለሁ ያለ ነው፣ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበለና ብሎክ አደረገን። የሱን እንኳን ለአላህ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካልገባችሁ ደስታዬ አይገባችሁም። እናታችን ስታርፍ እኔ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። አቋረጥኩ። ትንሽ ቁርስ ቤት ከፈትኩ፣ ፉል፣ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ሻይ። እሱ ይማር ተባለ፣ እኔም አመንኩበት። ስለዚህ የሱ ኤፍ የኔም ኤፍ ነው። ሌሊት ባቄላ ጥጄ እያለቀስኩ ያደርኩበት ጊዜ አለ።

እኚህን ሰው የጠቆመኝ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የሚነዳ ደንበኛዬ ነው። "ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር፣ ያ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ትልቁ ጋን ላይ ስንት ዘመን የሰሩ ሰውዬ አሉ፣ አሁን ልጆች ያስጠናሉ" አለኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኩትም። ሦስተኛ ልበላ ነው ብዬ ነበር። ደወልኩ። "ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ፣ ቤት ድረስ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ልየው፣ ለማየት አላስከፍልም" አሉኝ።

መጡ። ኤፍ ያመጣበትን የፈተና ወረቀት ተቀብለው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። እኔ ስድቡን እየጠበቅሁ ነው። ቀና አሉና "ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" አሉት።

"በመቶ።"

"እስቲ እንለካው።"

ከቦርሳቸው ረዘም ያለ ቴርሞሜትር አወጡ። እኔ ለሻይ የጣድኩት ውሃ እየተንተከተከ ነበር። ከተቱት። 92 ላይ ቆመ። ወንድሜ "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" አለ። እሳቸው ሳቁና "እታለም፣ እሳቱን እስቲ ጨምሪልን" አሉኝ። ጨመርኩ። ውሃው እየዘለለ ቡታጋዙ ላይ ይፈሳል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። 92 ነው፣ 92 ነው።

ያኔ ነው መጽሐፉን ከኋላው የገለጡት። ወንድሜ ሁሌ የሚሸሸው፣ ቁጥር ብቻ የሞላበት ሰንጠረዥ አለ። "ይሄ ሰንጠረዥ የሚነግርህ አሁን ያየኸውን ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም" አሉት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ከላያችን ያለው አየር ስስ ስለሆነ ውሃውን የሚጫነው ነገር ያንሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ይፈላል። መቶ የሚሞላው ባሕር ዳርቻ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ስለሆነች እዚያ 94 አካባቢ ይፈላል። አንዴ ከፈላ ደግሞ እሳት ብትጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ የባሰ አይሞቅም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ባቄላሽ አልበስል እያለ የሚያስቸግርሽ ለዚህ ነው" አሉኝ።

ወገን! ስንት ዓመት የሰኞ ገበያዋን ባቄላ ሻጭ "ያረጀ ሸጥሽልኝ" እያልኩ ስጨቃጨቃት ኖርኩ። ለካ ጥፋቱ የሷ ሳይሆን የከፍታው ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ምን እንደምል ግራ ገብቷት ሳቀችብኝ። አሁን ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀነስ አድርጌ ከድኜ ነው የምተወው። ቡታጋዜ ከበፊቱ ይከርማል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንድሜ ኮምቦልቻ መውረድ ነበረበት። "ደሴ ላይ የውሃ ላስቲክ ጠጥተህ ጨርስና ባዶውን ጥብቅ አድርገህ ከድነህ ና" አሉት። ሐረጎን ወርዶ፣ ጆሮው ተደፍኖ ተከፍቶ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ላስቲኩ ሆዱ ገባ ብሎ ተጨማዷል። ማንም አልነካውም፣ ክዳኑም አልተከፈተም፣ የጨመደደው የታቹ ከበድ ያለ አየር ነው። ማታ ደውሎ ይሄንን ብቻ ለግማሽ ሰዓት ነገረኝ። ድምፁ እንደ ድሮው ሆነ። ያን ቀን ነው ልጄ የተመለሰልኝ።

አሁን የምነግራችሁ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣውን ነው።

ወንድሜ አንድ አመል አለው፣ ያልገባውንም "ገባኝ" ይላል። የተሳቀበት ጊዜ ያስለመደው ይመስለኛል። ጋሼ ይሄን ያወቁት በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ነው። የሆነ ነገር አስረድተውት "ገባኝ" አለ። "ከገባህ ለእህትህ አስረዳት" አሉት። እኔ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። "እታለም ነይ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ። "ኧረ ጋሼ፣ እኔ አስረኛ ያቋረጥኩ ሰው" ብላቸው፣ "ለዚህ እኮ ነው የምፈልግሽ፣ አንቺ ካልገባሽ እሱም አልገባውም ማለት ነው" አሉ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ሙቀትን ወደ ሥራ ስለሚቀይር ሞተር ነው። ቦይለሩ 200 ዲግሪ ነው፣ ሞተሩ ሙቀት የሚደፋበት ወንዝ ደግሞ 30። ካርኖ የሚባል ፈረንሳዊ ባወጣው ሂሳብ፣ ከመቶ እጅ ሙቀት ቢበዛ ስንቱ ሥራ ይሆናል ነው ጥያቄው። ወንድሜ ፈተና ላይ 85 ብሎ ነበር የፃፈው። ሴልሺየሱን እንዳለ፣ 30ን ለ200 አካፍሎ ከመቶ እጅ ቀንሶት ነው፣ ለካ 273 ተደምሮበት ወደ ኬልቪን መቀየር አለበት። ሲቀየር 36 ብቻ ነው የሚወጣው።

እኔ ደነገጥኩ። "እንዴ፣ 64ቱስ የት ገባ? ሌባ አለ እንዴ?" አልኩ።

ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። መልስ የለውም። ቀመሩን ያውቃል፣ ይሄን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጋሼ አልረዱትም። እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ ስላችሁ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ "ሌባ የለም… ወደ ወንዙ ነው የሚሄደው። መሄድም አለበት፣ ካልሄደ ሞተሩ አይዞርም" አለኝ።

"የትኛው ወንዝ?"

"ቦርከና ነዋ!"

ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ ወደ እኔ አይተው "ገባሽ?" አሉኝ። ወላሂ ገባኝ። "በቃ አሁን ገብቶታል" አሉና ወደሚቀጥለው ገፅ ገለጡ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እኔ ተማሪ ሆንኩ። እኔ ካልገባኝ ትምህርቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ለሁለት ሰው እያስተማሩ የአንድ ሰው መቀበል ልክ አይደለም" ብላቸው "አንቺ እኮ ተማሪ አይደለሽም፣ ፈታኝ ነሽ፣ እንዲያውም እኔ ነኝ የምከፍልሽ" አሉኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ እንዲህ ብሎ ያስቀመጠኝ ሰው አልነበረም።

ኢንትሮፒ የሚባለውን አትጠይቁኝ። እሱን አራት ጊዜ አስረዳኝ፣ አራቴም አልገባኝም። ጋሼም እዚያ ላይ ማሩኝ።

ረመዳን ሲገባ እኛ እንፆማለን፣ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው። ውሃ ላቅርብ ስላቸው "ከእናንተ ጋር ነው የማፈጥረው" አሉ። ሰዓቱንም ራሳቸው ከተራዊህ በኋላ አዛወሩት፣ መሽቶባቸው ደሴ ዘመድ ቤት እያደሩ ማለት ነው። የፈተናው ሰሞን ልጁ እንደገና "ልተወው" ሲል አልተቆጡም። የካርኖን ታሪክ ነገሩት። ሰውዬው ሥራውን ያሳተመው በፈረንጆቹ 1824 ነው፣ በ28 ዓመቱ፣ ያኔ ዞር ብሎ ያየው የለም፣ በ36 ዓመቱ ኮሌራ ገደለው። "አሁን ግን አንተ በሱ ትፈተናለህ። አብሽር፣ ያንተ ኤፍ ገና አንድ ዓመቱ ነው" አሉት።

ጉድለት የላቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም፣ ሦስቴ መደወል አለባችሁ። የእጅ ፅሑፋቸው የሐኪም ነው። አንዳንዴ የፋብሪካ ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ የለም፣ ወንድሜ ግን ከዚያ ወሬ ነው ብዙ የተማርኩት ይላል። ፈተና አይሸጡም፣ "ምን ይወጣል" ብሎ የሚጠይቃቸውን ደግሞ ያባርራሉ። ሸምድዶ ማለፍ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ።

ዋጋቸው እኔን ካስለቀሱኝ ሁለቱ ቦታዎች ከግማሽ በታች ነው። የቸገረው ልጅ ሲገጥማቸው ያንንም አይቀበሉም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስማቸውን እዚህ እንዳልፅፍ ለምነውኛል፣ ቃሌን እጠብቃለሁ። ግን እባካችሁ፣ ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ፣ እህታችሁ ቴርሞ ላይ ከወደቀ ከግቢ ከማስወጣታችሁ በፊት አንዴ እኚህን ሰው ያግኝ። አንዴ ብቻ። ደሴ ያለም ኮምቦልቻ ያለም። ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ ሲወጡ ፉሉ በነፃ ነው፣ እንቢ ቢሉም አልሰማም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ፃፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ካልመለስኩ እንዳትቀየሙኝ፣ ደንበኛ ላይ ነኝ።