ቢጫዋ መልቲሜትር «ጠቅ» ብላ ለምትቀር መኪና ታዋጣለች?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ለቻርጀርና ለኤክስቴንሽን የወረደ ሰው መዳፍ የምታክለውን ቢጫ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳያያት አይቀርም። ዲቲ 830 የምትባለው ናት፤ ፊቷ ላይ አንዳንዷ «830ቢ»፣ አንዳንዷ «830ዲ» ይላል። ዲ ሁለት ሽቦ ሲነካካ ትጮሃለች፣ ቢ አትጮህም። ለመኪና ጩኸቱ ብዙም ስለማይጠቅም በእሱ ምክንያት ዋጋ እንዳይጨምሩ። ቁልፍ ሲዞር ጠቅ ብሎ ለሚቀር መኪና ግን ይህችን የሚያህል ርካሽ ዕቃ የለም። ያለጥፋቱ የሚቀየረውን ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ብዛት ላየ፣ ዋጋዋ አንድ ጊዜ በመጠቀም ብቻ ይመለሳል።

ቀዩን ገመድ ቮልት በሚለው ቀዳዳ፣ ጥቁሩን «ኮም» በሚለው ሰክተው መምረጫውን ዲሲ 20 ላይ ያድርጉ። መኪናው አሁን ከመንገድ የገባ ከሆነ ትልቁን መብራት ሁለት ደቂቃ አብርተው ያጥፉ፤ ባትሪው ላይ የተንሳፈፈው የውሸት ቮልት ይወርዳል። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ሲለኩ 12.6 ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው፣ ከ12 በታች ቻርጅ ይፈልጋል። 10.5 አካባቢ ቆሞ ቻርጅ ተደርጎም ካልወጣ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ እሱን ባትሪ ማስታመም ትርፉ ድካም ነው።

ባትሪ ሻጭ 12.5 አይቶ «ጤነኛ ነው» ካለዎት ግን የነገረዎት ግማሹን ነው። መልቲሜትሯ የምትጠቅመው ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሯን ሲያነቡ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይያዙ። ሞተሪኖው በሚጎትትበት ጊዜ ቮልቱ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ወደ 6 ወይም 7 ወርዶ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለ ባትሪው ባዶ ወይም ያረጀ ነው። ድምፁ የሚደጋገመው ሶሌኖይዱ (የሞተሪኖው ማግኔት ስዊች) በትንሽ ኮረንት ስቦ ሲዘጋ ከባዱ ሞተሪኖ ቮልቱን ስለሚያወርደው ነው፤ ሶሌኖይዱ ይለቅቃል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይስባል። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ቁጥሩ ከ12 በላይ ከቆየ ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ኮረንቱ መንገድ ላይ ታግዷል። አንዴ ጠቅ ብሎ፣ ቁጥሩ በጣም ወርዶ መብራቱም ከደበዘዘ ደግሞ ኮረንቱ እየፈሰሰ ነው፤ የተያዘው ሞተሪኖው ወይም ሞተሩ ራሱ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ሪሌውን፣ ፊውዙን፣ የቁልፉን ስዊች ይፈትሹ።

መንገዱ የት እንደተዘጋ ማግኘት ላይ ነው ይህች ትንሽ ዕቃ የምታስደንቀው። አንዱን ጫፍ የባትሪው እርሳስ ራስ ላይ፣ ሌላውን የያዘው ማሰሪያ ላይ አድርገው ቁልፉ ይዙር። ዜሮ አጠገብ መሆን ሲገባው 2 ወይም 3 ቮልት ካሳየ ጥፋተኛው በመሃል ያለው ነጭ ዝገት ነው። መጀመሪያ ኔጋቲቩን በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፍቱ፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበው በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፤ ሲመልሱ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይታሰራል። ቀጥሎ ከኔጋቲቩ ራስ እስከ ሞተሩ ብረት ይለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካለ ወደ ሞተር የሚሄደው ማሳ (የኔጋቲቩ) ኬብል ላልቷል ወይም ተበልቷል። ከፖዘቲቩ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ደግሞ ከ0.5 መብለጥ የለበትም።

ይህን ሥራ በኦም (በሽቦው ተቃውሞ) መለካት ከንቱ ነው። አንድ የሽቦ ክር ብቻ የቀረው ኬብል በኦም ዜሮ ይላል፤ ከመቶ አምፔር በላይ ሲጠየቅ ግን ያንን ማሳለፍ አይችልም። የጩኸቷም ነገር የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወፍራሙ ብሎን ላይ ሙሉ ቮልት ደርሶ፣ ቀጭኗ የቁልፍ ሽቦም 10 እና ከዚያ በላይ አግኝታ ጠቅ ብቻ ካለ ሞተሪኖው ይውረድ። ይውረድ ማለት ግን ይቀየር ማለት አይደለም። በቪትዝና በኮሮላ ላይ በብዛት የሚገኘው የዴንሶ ሞተሪኖ ሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ናቸው በልተው የሚያልቁት፤ እነሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱት ከዞረ ካርቦኖቹ (ለሚዞረው ክፍል ኮረንት የሚያቀብሉት) አልቀው ይሆናል፤ መምታቱ ጋራዥ ድረስ ያደርስዎታል እንጂ ጥገና አይባልም። (የሐረር ፔጆ 404 ባለቤት በዚህ ይስቃል፤ ማኖቬላ (ሞተሩን በእጅ ማዞሪያ ብረት) ማስገቢያ ያላት መኪና ነው የያዘው።)

የድሬ ሙቀት ሒሳቡን ይለውጣል። ሙቀት የባትሪን እርጅና ያፋጥናል፣ ውሃውንም ያተናል፤ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨመራል። ከድሬ ተነስታ የደንገጎን ዳገት የወጣች መኪና ቆማ ጠቅ ብላ ከቀረች፣ ሲበርድም ከተነሳች፣ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት በትኩሱ ይለኩ። መዳብ ለኮረንት ያለው ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በሞተሩ የጋለ ሶሌኖይድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያረጀ መገናኛም ያኔ ነው የሚጋለጠው።

ጉድለቷን እንዳንደብቅ። በሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ስለምታነብ ቁልፉ እንደዞረ ያለውን ዝቅተኛ ቁጥር ትስታለች፤ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ይዞ ማዞር ያስፈልጋል። የራሷ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጋ ትዋሻለች፣ የሞተ ባትሪም ደህና ይመስላል። አዲስ የሪሞት ድንጋይ ሲለኩባት ከ1.6 በላይ ብዙ ካለፈች ባትሪዋን ይቀይሩ። ትልቁ አደጋ ግን 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ፊውዝ የለውም። ቀዩን ገመድ እዚያ ረስተው የመኪና ባትሪ ላይ ቢያስነኩ ሽቦው እጅዎ ላይ ይቀልጣል። የሞተሪኖን ኮረንትም በእሷ ለመለካት አይሞከርም።

ገመዶቿ ቀጫጭንና አጫጭር ናቸው። ጫፋቸው ላይ አዞ አፍ መያዣ ያስገቡና ሁለት ሜትር ሽቦ ይቀጥሉባቸው፤ ቮልት ስትለካ የምትስበው ኮረንት ኢምንት ስለሆነ ርዝመቱ ቁጥሩን አይለውጥም። ያኔ ረዳት ሳይፈልጉ መሪው ላይ ተቀምጠው ቁልፉን እያዞሩ ማንበብ ይችላሉ።